የጀልባዋን ጎን ማንኳኳት

ኦሞራቴ በገባሁበት የመጀመሪያ የሥራ ቀን የመሥሪያ ቤቱን ሞተር አቃጠልኩ። ጀልባዋ ገና ውሃ ሳትነካ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባዎቹ መጀመሪያ ጂንካ የመኪና መካኒክ ነበርኩ። እንግዶችን በጀልባ እየወሰደ አዞ፣ ጉማሬና ወፍ የሚያሳይ አንድ መሥሪያ ቤት ነጂ ሲፈልግ፣ "ሞተር ያውቃል" ብለው እኔን ላኩኝ። ሞተርስ አውቃለሁ። ውሃን ግን የማውቀው በእንስራ ነው። የአሪ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ የጂንካውን ኔሪ ወንዝ ሱሪዬን ጠቅልዬ ነበር የምሻገረው። ኦሞን ሳይ፣ ያ ሁሉ ቡናማ ውሃ ኮሽ ሳይል ሲነጉድ፣ "ወይ ጉዴ!" አልኩ።

ሞተሩ ከጀልባዋ ኋላ የሚታሰር ነበር። ካንዴላውን ጠረግኩ፣ ቤንዚንና ዘይት ቀላቅዬ ሞላሁ፣ ጀልባዋ ደረቅ አሸዋ ላይ እንዳለች ገመዱን ስቤ አስነሳሁት። ደስ ሲል! ሲያጓራ ቆሜ አዳመጥኩት። ለካስ ያ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሥሩ በሚስበው የወንዝ ውሃ ነው፤ ደረቅ ላይ ሲሠራ ውሃ የሚስበው ጎማ ይቃጠላል። ጭሱ ሲወጣ ዳር ቆሞ ያይ የነበረ አንድ የአገሬው የዳሰነች ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"መኪና መሰለህ?" አለኝ።

ኮሬ ነበር፤ ረዳትህ ነው የተባልኩት ሰው። ሥራው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሞ በረጅም ዘንግ ጥልቀቱን እየለካ መንገድ ማሳየት ነው። አማርኛ የለመደው ከፖሊስ ጣቢያው ሰዎች ነው፤ "እርስዎ" የሚባለውን ወይ አላስተማሩትም፣ ወይ አልፈለገውም። ሹምም ቢመጣ፣ ዘበኛም ቢመጣ፣ ለእሱ ሁሉም "አንተ" ነው። እኔ በወረቀቱ አለቃው ነበርኩ። ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ እሱ የቀን ሠራተኛ። ወንዙ ላይ ግን አለቃው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ያስተማረኝን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። የሚንቀጠቀጥ ውሃ ስስ ነው፣ የተኛ ውሃ ጥልቅ ነው። ወንዙ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ አሸዋው ቦታ ስለሚለውጥ፣ የአምናውን መንገድ ዘንድሮ አትመነው። ዳር ስትወርድ በጉማሬና በውሃው መሀል አትቁም።

ከኦሞራቴ ወደ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ሲኬድ ወንዙ የሚታጠፍበት ጥልቅ ቦታ አለ። ቀን ቀን ጉማሬዎቹ የሚውሉት እዚያ ነው። መጀመሪያ ስንደርስ ኮሬ ዘንጉን አዙሮ በእጀታው የጀልባዋን የቆርቆሮ ጎን መታው። ሦስት ጊዜ። ትንሽ ቆየና እንደገና ሦስት ጊዜ።

"ምንድነው እሱ ደግሞ?" አልኩት።

"ጉማሬ ከታች ነው። አያይህም። ድምፅ ከሰማ የት እንዳለህ ያውቃል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። ካልሰማ፣ ሊተነፍስ ሲወጣ አንተ ራሱ ላይ ነህ። ቤትህ ሳይጠራህ የገባ ሰው ምን ታደርገዋለህ?"

"እመታዋለሁ።"

"እሱም ይመታል።"

ዳሰነቾቹ በታንኳቸው ሲያልፉም እንደዚያው ያንኳኩ ነበር። አራት ዓመት እያንኳኳን ሄድን፣ እያንኳኳን ተመለስን። አንድም እንግዳ አልተጫረም።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ ተሾመ። ጎበዝ ሰው ነበር፣ አልዋሽም፤ ቤንዚን ሳይቋረጥ እንዲመጣልን ያደረገው እሱ ነው። ግን ከወንዝ ጋር የማይተዋወቅ የቢሮ ሰው ነው። በተሾመ በወሩ ወፍ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ከአዲስ አበባ ይዞ መጣና ራሱም አብሮን ተሳፈረ።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ነጭ ራስ ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር የደረቀ ዛፍ ላይ ተቀምጧል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሳ። ኮሬ ማንኳኳት ጀመረ።

"ምንድነው ይሄ ከበሮ?" አለ ኃላፊው። "ወፉን ሊያባርርብን ነው! አስቁመው። ሞተሩንም አጥፋው፣ ካሜራው እየተንቀጠቀጠ ነው።"

"ጓድ ኃላፊ፣ ይሄ ቦታ..."

"አጥፋ ተብለሃል።"

ኮሬ ዞሮ ለኃላፊው፣ "አንተ፣ እዚህ ዝም አይባልም" አለው። የኃላፊው ፊት በርበሬ መሰለ። እኔ ነገሩ እንዲበርድ ብዬ ሞተሩን አጠፋሁ። ኮሬንም በእጄ ተው አልኩት። እሱም ተወ።

ጸጥ አለ። የካሜራው ድምፅ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ወዲያው ጀልባዋ ከሥሯ ተነስታ በጎኗ ተጋደመች፤ አንድ ትልቅ ጥቁር ጀርባ አየሁ፣ ፎቶ አንሺው የለም። ማዶ አሸዋው ላይ የተሰጡት አዞዎች ተራ በተራ ውሃ ገቡ። ኮሬ ዘንጉን ወርውሮለት ሰውየው ያዘው፤ ሲጎትተው ጀልባዋ ተወዛወዘችና የግራ እጁ በዘንጉና በጠርዟ መሀል ገባ። አልለቀቀም። ሰውየውን አወጣነው፤ የኮሬ ሁለት ጣቶች ግን ደቀቁ።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው የአደጋ ሪፖርት ጽፎ ጠራኝ። "ረዳቱ በቸልተኝነት የተለመደውን የማንኳኳት ምልክት ባለመስጠቱ" ይላል። ከበሮ ያለውን ነገር! ቀና ብዬ አየሁት። "ቋሚ ሠራተኛ ነህ፣ ልጆችም አሉህ" አለኝ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ፈረምኩ።

የኮሬም አሻራ ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱን የወሰድኩለት እኔ ነኝ። ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"ስለ አደጋው ነው" አልኩት።

የቀኝ አውራ ጣቱን ሰጠኝ። ራሴ ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። በሳምንቱ ተባረረ። ለምን እንደተባረረ የነገረው የለም።

አዲስ ረዳት ተሰጠኝ። መታጠፊያው ላይ አሁን የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ ኃላፊውም ከዚያ ወዲህ አንኳኩ እንጂ ተው አላለም። ባንኳኳሁ ቁጥር ያ አውራ ጣት ትዝ ይለኛል። አፈርኩ። በማይረባው ሁሉ ከሰው ጋር እጣላ ጀመር። አንድ ጠዋት ወንዙን ተሻግሬ ሄድኩ። ውሃው ከጎደለበት እርጥብ መሬት ላይ ኮሬን ማሽላ ሲዘራ አገኘሁት።

ወረቀቱ የሚለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እስክጨርስ ድረስ መዝራቱን አላቆመም። ከዚያ የሚዘራበትን እንጨት መሬት ተክሎ ተደገፈው።

"ያ ሰውዬ ወንዝ አያውቅም" አለ። "ጉማሬውም ወረቀት አያነብም። አንተ ግን ሁለቱንም ታውቃለህ።"

እንጨቱን ነቅሎ ሥራውን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ወረቀት ጻፍኩ። ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ማንኳኳቱን ያስቆምነው ኃላፊውና እኔ እንደሆንን፣ ኮሬንም ሳላነብለት አሻራ እንዳስደረግኩት። ለኃላፊው አንድ፣ ጂንካ ላሉት የበላይ አለቆች አንድ። ለቅጣት ጂንካ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡኝ። ስምንት ወር ጎማና ጀሪካን ስቆጥር ከረምኩ። ኃላፊውን ማንም ምንም አላለውም።

ሲመልሱኝ፣ ኮሬም እንዲመለስ ተጽፎለት ነበር። ጀልባዋ አጠገብ አገኘሁት፤ ሁለቱ ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀርተዋል። የመመለሻው ወረቀት አሻራ ይፈልግ ነበርና አውጥቼ ሰጠሁት። አውራ ጣቱን አልዘረጋም። አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

"አንብብ" አለኝ።

ከላይ ቀኑን፣ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ከታች የማኅተሙን ጽሑፍ ሳይቀር አነበብኩለት። ከዚያ በኋላም አብረን እስከሠራንበት መጨረሻ ድረስ አንድም ወረቀት ሳላነብለት አሻራውን አላኖረም። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ለእናንተ ለአዳዲሶቹ ነጂዎች የምለው ይሄው ነው። ጥልቅ ውሃ ላይ ሞተር ካጠፋችሁ አንኳኩ፤ ሹም ቢቆጣም አንኳኩ። ማንበብ የማይችል ሰው "ምን ይላል?" ካላችሁ ደግሞ ሁሉንም አንብቡለት።