ጠበል የገባችው የክርስትና ልጄ

አልታየች ቁጡ ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው። ከአንኮበር ቁልቁል የሁለት ሰዓት መንገድ ተወርዶ በሚገኝ ቀበሌ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጤና ኤክስቴንሽን ሆኖ ያልተቆጣ ሰው ካለ እስቲ አምጡልኝና ልየው። ሽንት ቤት ቆፍሩ ስላቸው ይቆፍራሉ፤ ቆፍረው ሲያበቁ ዶሮ ያሳድሩበታል። ጤና ጣቢያ ውለዱ ስላቸው እሺ ይላሉ፤ ምጥ ሲመጣ ስልካቸውን ያጠፋሉ። እምቢ የሚል ሰው በስንት ጣዕሙ! እሱን ቢያንስ ትከራከሩታላችሁ። እሺ የሚለውን ግን ምን ትሉታላችሁ?

የዘንድሮው ደግሞ ከሁሉም ባሰ። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መጣና፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉ ሴት ልጆች ሁሉ ይወጋሉ ተባለ። አንድ መርፌ ክንድ ላይ፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ከወር በፊት ጀምሬ ቤት ለቤት ዞርኩ። በእድሩም በማኅበሩም ተናገርኩ፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መንገድ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ለፈለፍኩ። መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ነበር፤ አያደርግም ብዬ ማልኩ፤ አስረዳሁ። ሁሉም እሺ አሉኝ። እኔ ሞኟም አመንኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ከባልደረባዬ ከብርቱካን ጋር የክትባቱን ሳጥን ከነበረዶው ተሸክመን ትምህርት ቤት ደረስን። ብርቱካን የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ እኛ ዘንድ ከተመደበች ዓመት አልሞላትም። ዝርዝሩ ላይ አርባ አንድ ልጆች አሉ። የመጡት ሃያ ሁለት ናቸው። የቀሩትስ ብል፣ ታመው ጠበል ገብተዋል አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ልጅ በአንድ እሑድ ራሱን አመመው!

በእኛ አገር ጠበል የገባ ሰው ሰባት ቀኑን ሳይጨርስ መርፌ አይወጋም፣ ኪኒን አይውጥም። እሑድ የገባ ቅዳሜ ይጨርሳል። የእኛ ዘመቻ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ይህን ቀን ቆጥሮ ያገጣጠመውን ሰው ወረዳው ዕቅድ ክፍል ቢቀጥረው ኖሮ ስንት ሥራ በተቃና ነበር! ብርቱካን ሳቋ መጣ። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። በዚህ በኅዳር ብርድ፣ ውኃው አጥንት በሚሰብርበት ወቅት፣ ጤነኛ ልጅ በማለዳም ከሰዓትም ያስጠምቃሉ፤ ለምን? ከአንድ መርፌ ለመሸሸግ። ወይ ነዶ!

ማክሰኞ ጠበሉ ድረስ ወረድኩ። አጥማቂው አባ ገብረመንፈስቅዱስ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጣላቸው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን መርፌ አትውጉ ያልኩት ሰው የለም፣ ልጅ አመመኝ ብሎ መጣ፣ አጠመቅሁ፣ ታዲያ ምን ላድርግ አሉኝ። የሚጣሉት ሰው ማጣት እንዴት ያናድዳል! ይህንኑ ለእናቶቹ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ነገሩልኝ። ከዚያ በኋላ እናቶቹን አንድ በአንድ ይዤ ገሚሷን ተቆጥቼ፣ ገሚሷን ተለማምጬ፣ አንዷን ደግሞ አልቅሼ፣ እስከ ሐሙስ ማታ አሥራ ስምንቱን አስወጋሁ።

አንዲት ቀረች፤ ሥርጉት።

ሥርጉት የክርስትና ልጄ ናት። በሰማንያ ቀኗ አቅፌ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። እናቷ እታፈራሁ የልብ ጓደኛዬ ነበረች፤ ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ በማህፀን በር ካንሰር ሞተች። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ጥር ላይ አሥራ አምስት ይሞላታል። ዘንድሮ ካለፋት ከዝርዝሩ ወጣች ማለት ነው። አባቷ ወልደኪዳን እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ሰላም አይለኝም። አበልጄ ነው፤ ኀዘኑ ነው ብዬ ትቼው ነበር። የሰው ሁሉ ልጅ ተወግቶ የእኔ የክርስትና ልጅ ልትቀር! ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ወልደኪዳንን እርሻው ላይ ገብስ ሲያጭድ አገኘሁት። ሰላምታም ሳልሰጠው ጀመርኩ። የአፌን ክፋት እናንተም ስሙልኝ፤ ሚስትህን የበላው በሽታ ልጅህን ይድገምልህ ወይ፣ ከሬሳ አትማርም ወይ አልኩት። ቀና አለና ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"እታፈራሁን የገደላት መርፌ ነው" አለኝ። "የማን መርፌ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አገሩም ያውቃል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። ለካ አራት ዓመት ሙሉ አገሩ ሁሉ ይህን ሲያወራ ኖሯል። እናቶቹም የፈሩት መካንነቱን ብቻ አልነበረም፤ እጄንም ፈርተው ኖሯል። እኔ ደግሞ እነሱን ስራገም ከረምኩ።

እታፈራሁን የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ እወጋት ነበር። አንድ ቀን ደም በዛብኝ ብላ መጣች። ይህ መርፌ አንዳንዴ ደም ያዛባል፤ ያለ ነው አልኳትና መለስኳት። ሁለተኛ መጣች፤ ይተውሻል አልኳት። ሦስተኛ ስትመጣ ሪፖርት እየሞላሁ ነበር፤ ቀና ብዬም አላየኋት፤ ታገሽ አልኳት። ደም የሚፈሳት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እሑድ ቀርታ የማታውቅ ሴት ዓመት ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ስታስቀድስ በአጠገቧ እያለፍኩ ገብቻለሁ። መጨረሻ ላይ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስልካት ሐኪሞቹ በሽታው ተሠራጭቷል አሉ።

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳን ነግሬ አላውቅም። እዚያ የታጨደ ገብስ መሀል ቆሞ ወልደኪዳን መልስ እየጠበቀ ነው። የሠለጠንኩትን ሁሉ ልደረድርለት እችል ነበር፤ መርፌውና በሽታው አይገናኙም ብዬ ላስረዳው፣ ልረታው እችል ነበር። ልጅቷ ግን በዚህ አትወጋም።

"መርፌው አልገደላትም" አልኩት። "ይህን ብዋሽህ እግዜር አይወደውም። ግን ሦስት ጊዜ እኔ ዘንድ መጥታ ደም በዛብኝ ስትለኝ፣ ሳላያት የመለስኳት እኔ ነኝ። ያኔ ልኬያት ቢሆን ምናልባት ትተርፍልህ ነበር።"

"ሦስት ጊዜ?" አለ።

"ሦስት ጊዜ።"

"ለእኔ አንድ ጊዜ ነው የነገረችኝ።" ነዶው ላይ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። እሱ ግን ከነዶው አልተነሣም። እንባዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጤና ኬላችን ውስጥ ብርቱካን ሳጥኑን ልትዘጋ በረዶውን ታስተካክላለች። የተረፈው ክትባት አንኮበር ተመላሽ መሆን አለበት። አርባ አንድ ካሉት አርባው ተወግቷል፣ በጣም ጥሩ ነው እያለች ታጽናናኛለች። ጥሩ ነው! ዝም በይ ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን፣ እሷ ምን በደለች።

በሩ ላይ ጥላ አረፈ፤ ወልደኪዳን ነበር፤ ከኋላው ሥርጉት አለች። ከጠበሉ እንደወጣች ስለነበር ጸጉሯ ውኃ ያንጠባጥባል፤ በጋቢው ሸፍኗታል። ተነሥቼ እጄን መታጠብ ጀመርኩ። ሳሙናውን እንደያዝኩ ነው የተናገረው።

"ትወጋ፣ አበልጄ" አለኝ። "በአንቺ እጅ ግን አይሆንም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አገር ይያዝልኝ እል ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ስወጋ የኖርኩ እኔ፣ ትናንት ለመጣች ልጅ ቦታዬን ልለቅ! ግን እጄን አደረቅሁና ከብርቱካን ጎን ዞር አልኩ። ሥርጉት አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቷን አየች፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ወልደኪዳን እጇን ያዘላት። መርፌው ሲገባ ዓይኑን የጨፈነው እሱ ነበር።

ካርዷን እኔ ልጻፍ ብዬ ጠየቅሁት፤ ጻፊ አለኝ። ስሟን፣ የእናቷን ስም፣ ዕድሜዋን ጻፍኩ። የከታቢ ስም በሚለው ላይ ስደርስ፣ ብርቱካን ብዬ ሞላሁትና ለአባቷ ሰጠሁት።