አማቴን የገጠምኩበት የዳማ ውድድር

ቡታጅራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ በር ላይ ከአሮጌ የጠረጴዛ ክዳን ራሴ የሠራሁት የዳማ ሰሌዳ አለ። ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፤ አሥራ ሁለቱ አፋቸውን ወደ ላይ፣ አሥራ ሁለቱ ደግሞ ወደ ታች አድርገው ይሰለፋሉ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪው እስኪያልቅ ይገጥመኛል። አንዳንዱ ሱሪው ታጥፎ በፌስታል ከተሰጠው በኋላም ሽንፈቱን ሳይመልስ አይሄድም። ጠጠር ስበላ ዝም ማለት አልችልም፤ ሰሌዳውን በመዳፌ መትቼ “በላሁህ!” እላለሁ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ይህን ጠባዬን ያውቃል።

አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ወልቂጤ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የዳማ፣ የቼዝ፣ የገበጣና የሉዶ ውድድር ይካሄዳል ይላል። እዚያው ቆሜ ደወልኩና ተመዘገብኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት በጣም ደስ አላት። ደስታዋ ትንሽ በዛብኝ።

“እማም በዚያው ቀን ወልቂጤ ልትሄድ ነው፤ እህቷ ጋ። አብራችሁ ሂዱ” አለችኝ።

አማቴ የእንሴኖ ሰው ናቸው፤ በርበሬ ነጋዴ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ሁለቱ ሆነው ትንሽ ሱቅ ይይዙ ነበር። ልጃቸውን ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አውርተን አናውቅም። ሲመጡ ብድግ እላለሁ፣ እሳቸውም እኔ ስገባ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። እኔ እሳቸውን አንቱ፣ እሳቸውም እኔን አንቱ። እኔ ባለሁበት እህል ሲቀምሱ አይቼ አላውቅም። የተጣላን እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም አብዝተን ተከባብረን ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መስኮቱን ለእሳቸው ለቀቅኩ።

“ደኅና አደሩ እማ?”

“አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ ደኅና አደሩ?”

“አልሐምዱሊላህ።”

ከዚያ በኋላ በመንገዳችን ያለውን ተራራ እስክንሻገር ድረስ እሳቸው መስኮቱን፣ እኔ የሾፌሩን ማጅራት እያየን ተጓዝን።

ወልቂጤ ደርሰን ከሚኒባሱ ስንወርድ፣ ወደ እህታቸው ቤት ባጃጅ ልያዝልዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። “ይቆየኝ” አሉና ተከትለውኝ ወደ ውድድሩ አዳራሽ መጡ። ምናልባት እረፍት ፈልገው ይሆናል ብዬ ወንበር ስፈልግላቸው፣ እሳቸው ቀጥ ብለው መዝጋቢዋ ፊት ቆሙ።

“ለገበጣ ነው እናቴ?” አለች ልጅቷ።

“ለዳማ ነው። ልጄ በስልክ አስመዝግባኛለች።”

ልጅቷ ወረቀቱን አገላብጣ ስማቸውን አገኘችው። ቁጥር ሃያ አራት የሚል ወረቀት ሻሻቸው ጫፍ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካችላቸው። እኔ አሥራ ሰባት ነበርኩ። ወጥቼ ወደ ቤት ደወልኩ። ባለቤቴ ገና ድምፄን ስትሰማ ሳቋን ለቀቀችው።

“ቀድሜ ብነግርህ ትቀር ነበር!”

“ዳማ ይችላሉ እንዴ?”

“አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፋትም። ሱቅ ውስጥ ገበያተኛ ሲጠፋ ሥራቸው እሱ ነበር።”

ወደ አዳራሹ ስመለስ ቦታው ሞልቷል። እንደዚያ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። በአንዱ ጥግ ቼዝ የሚጫወቱት ለፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ አቀርቅረዋል። በሌላው ጥግ የገበጣው ጠጠር ይንኳኳል። ሉዶዎቹ ስድስት በወጣ ቁጥር ይጮሃሉ። መሐሉ ላይ እኛ ነን፤ ከሶዶ፣ ከጉንችሬ፣ ከመስቃን የመጣ ዳማ ወዳድ ሁሉ። ሱቄ በር ላይ ስጫወት “ሥራ ፈት” ብሎኝ የሚያልፍ ሰው አይጠፋም ነበር። እዚህ ግን ሥራዬ ብለው የመጡ ነበሩ ሁሉም።

በመጀመሪያው ዙር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደረሰኝና አሸነፍኩት። ዞር ስል አማቴ ፊት የተቀመጠው ግዙፍ የጭነት መኪና ሾፌር ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። አማቴ ደግሞ የበሏቸውን ጠጠሮች እንደ በርበሬ መደብ በረድፍ ደርድረዋቸዋል።

ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ዳኛው የሁለተኛውን ዙር ዕጣ አነበበ። “አሥራ ሰባት ከሃያ አራት!”

ጆሮዬን አላመንኩም። ወደ ዳኛው ጠጋ ብዬ “እኔ ልልቀቅ” አልኩት።

“አመመህ?”

“አይ፣ አማቴ ናቸው።”

ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አማቴ አልሳቁም። “ከእንሴኖ ድረስ የመጣሁት ሊለቁልኝ ነው? ይቀመጡ” አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ሦስት ጨዋታ ነው፤ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። በመጀመሪያው እጄ ታሰረ። የእሳቸውን ጠጠር ማንሳት ከሳህናቸው ላይ ሥጋ እንደ ማንሳት ሆነብኝ። መሐል ላይ አንዱን ጠጠሬን ሆን ብዬ አፋቸው ውስጥ ከተትኩት። አማቴ ሰሌዳውን አዩ፤ እኔን አዩ።

“ይህ ስሕተት ነው ወይስ አክብሮት?”

“ስሕተት ነው እማ።”

“አክብሮት ከሆነ ለቤት ያስቀምጡት” አሉና ጠጠሬን በሉ። አስከትለውም ሁለት ጨመሩ። ያንን ጨዋታ ተሸነፍኩ፤ ነደደኝም። ለሁለተኛው እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

አሁን አማቴ መሆናቸውን ረሳሁ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ሰሌዳ በስተቀር የሚታየኝ አልነበረም። ሁለት ጠጠር አስበላኋቸው። ሲበሉ መሥመራቸው ተከፈተ። አንዷ ጠጠሬ አንድ ብላ፣ ሁለት ብላ፣ ሦስት ብላ፣ አራተኛውን ዘልላ ጠርዝ ላይ ነገሠች። ያኔ መዳፌ ሰሌዳው ላይ ጧ አለ።

“በላሁሽ!”

አዳራሹ ጭጭ አለ። ሉዶዎቹ እንኳን ዝም አሉ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ድምፄ ተመልሶ ጆሮዬ ሲደርስ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማቴ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው አቀረቀሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቅሳሉ ብዬ ደነገጥኩ። ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር እየሳቁ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

“አላህ ይይልህ!” አሉኝ። “ተገላገልን። እስከ ዛሬ አንቱ ስንባባል አፌ ደክሞኝ ነበር። ና፣ ሦስተኛውን ደርድር።”

ሦስተኛው ረጅም ነበር። ሉዶውን ትተው የመጡ ሰዎች ጀርባችን ላይ ቆመው ይመክራሉ፤ ዳኛው “ዝም በሉ” እያለ ይለምናል። መጨረሻ ላይ አማቴ ተከታትለው ሦስት ጠጠር አቀረቡልኝ። በደስታ በላኋቸው። ሦስተኛውን ስውጥ የኋላ በሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ አየሁ። እሳቸው አንገሡ፤ ከዚያ የቀሩኝን አንድ በአንድ ለቀሙ። ሰሌዳውን አልመቱም። ጎንበስ ብለው ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “በላሁህ” አሉኝ።

በተሸነፍኩበት ጨዋታ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

እህታቸው ቤት አድረን፣ እሑድ እኔ ውኃ ያዥና ደጋፊ ሆንኩ። አማቴ አንድ ፀጉር አስተካካይና አንድ ወታደር አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ። እዚያ የጠበቃቸው ከጉንችሬ የመጣ ቀጭን ጡረተኛ መምህር ነበር፤ አንዲት ጠጠር ለመግፋት መነጽሩን ሦስቴ ይጠርጋል። አማቴን ያሸነፋቸውም በዚያ ትዕግሥቱ ነው። አማቴ “ማሻአላህ፣ እጅዎ ይባረክ” አሉትና ያለ ዋንጫ አንድ ይጨመር ብለው ለመኑት። ሠራተኞቹ ወንበር ሲሰበስቡ እነሱ ገና እየተጫወቱ ነበር።

የሁለተኛነት ሽልማቱ ከእንጨት የተሠራ የዳማ ሰሌዳ ከነጠጠሩ ነው። ስንመለስ ሚኒባሱ ገና ከወልቂጤ ሳይወጣ ጉልበታችን ላይ ዘረጉት።

“ያንን አራቱን እንዴት እንደበላኸኝ አሳየኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር” አሉኝ።

ደረደርኩና አሳየኋቸው። ከዚያ አዲስ ጀመርን። ተራራው ላይ መኪናው ሲጠመዘዝ ጠጠሩ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ተሳፋሪው ከየወንበሩ ሥር እየለቀመ አቀበለን። አንዱ ጥቁር ጠጠር ግን ጠፋ። ከኋላችን ቆሎ የምትቆረጥም ሴት አንድ ፍሬ ባቄላ ሰጠችንና በእሱ ቦታ አቆምነው። ባቄላው የአማቴ ወገን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተራዬ ደረሰና ዘልዬው አነሳሁት፤ አፌ ውስጥ ጣልኩት። አማቴ ጮክ ብለው እየሳቁ ወደ ኋላ ዞሩና ሴትዮዋን ሌላ ባቄላ ጠየቁ።