ከራጁ በፊት ሰላምታ

እናቴ «አሞኛል» ብላ አታውቅም። ያን መኸር ሳሉ እያጎበጣት እንኳ፣ እንዴት አደርሽ ሲሏት መልሷ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። እኔ ወገዳ ከተማ የማስተምር፣ ትዕግሥቴም አጭር የሆነ ልጇ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልሁ እጨቀጭቃታለሁ። እሷ ትስቃለች፤ ሳቁም በሳል ያልቃል።

የወገዳ ሐኪሞች ባሕር ዳር ትታከም አሉ። አልሄድም አለች። «ከማያውቀኝ ሰው ፊት ልብሴን አላወልቅም። ብሞትም ከቤቴ ልሙት።»

በሰው በሰው ያገኘሁት የባሕር ዳር ሐኪም በስልክ፣ «መጀመሪያ ወረቀታቸውን ሁሉ በአንድ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪልኝ። አይቼ ተስፋ ካለው እነግርሻለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ ጧት ገጠር ቤቷ ወረድሁ። የላብራቶሪ ውጤቱንና ማዘዣዎቹን ከደጅ መደብ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳኋቸው። ራጁ ግን ብርሃን ከኋላው ካልመጣ ጥቁር ነው። ስለዚህ ራሷ በሁለት እጇ ወደ ሰማይ ያዘችልኝ።

በስልኬ ውስጥ አየኋት። በነጫጭ ጎድኖቿ መካከል ደመና ቀስ እያለ ያልፋል። ከሥራቸው የደረሰው ገብስ ይወዛወዛል። ነፋሱ ፊልሙን ሲያርገበግበው ያለ ሳል የምትተነፍስ መሰለኝ፤ ማንሳቱን ረስቼ ቆምሁ። እንዲህ እንደቆመች ብትቀርልኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ምን አየሽ?»

«ገብስ።»

«ገብስማ ከሆድ ሲገባ ነው የሚያምረው። አንሺ፣ እጄ ዛለ!»

ገጾቹን በጣቴ እየጎተትሁ ስደረድር በትከሻዬ ላይ ሆና ታያለች። ራጁን መጀመሪያ አድርጌው ነበር።

«እኔስ የታለሁ?»

«ይኸው፣ ይኸ ሁሉ አንቺ ነሽ።»

«ይኸማ አጥንቴ ነው። ሰው ከሰው ቤት ሲገባ ሰላም ሳይል በሕመሙ ይጀምራል እንዴ?»

ፒዲኤፍ ሰላምታ አያውቅም ልላት ነበር፤ ተውሁት። ገብታ የክት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ቆመች። አነሳኋትና ከራጁ በፊት አስገባኋት። ሐኪሙ ይስቅብናል ብዬ አፍሬአለሁ፤ ቢሆንም ማታ ወገዳ ተመልሼ ኔትወርክ ሳገኝ እንዳለ ላክሁት።

በማግሥቱ ደወለ። «ይታከማል። ግን ቶሎ ይምጡ» አለ። ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «ሰላምታቸው ደርሶኛል በያቸው» ብሎ ጨመረ።

ሄጄ ነገርኋት። ነጠላዋን አጣጥፋ፣ መልሳ ዘርግታ፣ «ፊቴን አየው?» አለች።

«ከሁሉ በፊት።»

«እንግዲያ ቢያየኝ አልጠፋበትም። እሄዳለሁ።»

አውቶቡሱ በባሕር ዳር መንገድ ሲያናውጠን ትከሻዬ ላይ ተኛች። እኔም ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እንጃ፣ ደመናው ዛሬም በጎድኖቿ መካከል ሲያልፍ አየሁ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር በሰው ተሞልቷል። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ወጣ። ስም አልጠራም፤ ዓይኑን በሰዉ ላይ አሳልፎ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ መጣና ጎንበስ አለ።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ እንደ ልማዷ። እጇ ደረቷ ላይ ነበር። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ልጄ፣» አለችው ቆይታ፣ «አሞኛል።»