ጣቶቼ የማግኖሊያውን ቅጠል እስኪያውቁት

መጀመሪያ የደነዘዙት የጣቶቼ ጫፎች ነበሩ። ክረምት ነው። አሶሳ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ ባለቤቴ ሰይድ ከአዲስ አበባ ያመጣውን የማግኖሊያ ችግኝ እየተከልን ነበር። እርጥቡን አፈር ስዝቅ ቅዝቃዜው አልተሰማኝም። ጓንት ያጠለቅሁ መሰለኝ። እጄን አየሁት፤ ባዶ ነው።

ሰይድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ችግኙን ያስመጣሁት አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ቢለኝ ነው። ማግኖሊያ ንብ በምድር ላይ ሳትታይ በፊት የነበረ፣ ነጭ አበባውን ጥንዚዛ የሚያራባለት ጥንታዊ ዛፍ ነው። የእኛ አገር ጥንዚዛ አይቶት የማያውቀውን አበባ ሲያገኝ ምን ያደርግ ይሆን? ገበሬው ኖራ የሚበትንበት ኮምጣጣ ቀይ አፈራችን እንደሚስማማው አንብቤ ነበር። ጎረቤታችን ሐጂ ሐሚድ፣ ማንጎ ሲያለሙ ያረጁ የበርታ ሽማግሌ፣ በአጥሩ በኩል አዩንና፣

«ይሄ የፈረንጅ ዛፍ ነው? ምስጥ ፈረንጅ አይፈራም» አሉ። ሳቅን።

በማግስቱ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሳላውቅ በባዶ እግሬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ከወንበር መነሣት አቃተኝ። ሰይድ አዝሎ ሆስፒታል አደረሰኝ። ሐኪሟ ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታች። እግሬ ንቅንቅ አላለም።

«ሰሞኑን ተቅማጥ ይዞዎት ነበር?» አለችኝ።

ይዞኝ ነበር፤ ከተሻለኝ ሳምንት አልፎታል።

«ጊላን-ባሬ ሲንድረም ይመስለኛል። ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱን ነርቭ ይመታል። አብዛኛው ሰው ይድናል። አሁን የሚያሳስበኝ እግርዎ አይደለም፤ ትንፋሽዎ ነው። በአንድ ትንፋሽ እስኪያቅትዎ ይቁጠሩልኝ።»

ጠዋት ከሃያ አለፍኩ። ከሰዓት በኋላ አሥር አልሞላሁም። ሐኪሟ ስልኳን አነሣች።

በአውሮፕላን አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገባሁ። በጉሮሮዬ ቱቦ ገባ። ማሽን ተነፈሰልኝ። እጅ የለኝም። ድምፅ የለኝም። ጀርባዬ ይቃጠላል፤ መገላበጥ አልችልም። ሁሉንም ግን እሰማለሁ።

ለሕመምተኞችና ለአስታማሚዎች ይህን ማለት እፈልጋለሁ፦ ይሰማል። በአጠገቤ «ይቺ እንኳ የምትተርፍ አይመስለኝም» ያለ ጠያቂ ነበር። ሰምቼዋለሁ።

ሐኪሞቹ ደሜን በማሽን እያሳለፉ ፕላዝማውን ይለውጡ ነበር። ሰይድ በየቀኑ በጆሮዬ ያወራኛል። «ማግኖሊያሽ ደህና ነው። አዲስ ቅጠል አውጥቷል።» ከየት በኩል? የታችኛው ቅጠልስ ቢጫ ሆነ ወይ? መጠየቅ አልችልም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ያድር ነበር። ሞትን ብቻ ከማሰብ አወጣኝ።

ከማሽኑ ከተላቀቅሁ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አሶሳ ተመለስን። ቤት ሳልገባ ወደ ጓሮ ግፋኝ አልኩት። ሰይድ እያመነታ ገፋኝ።

የቆመው እንጨት ነበር። አንድም ቅጠል የለውም። በአንድ ወገን ልጡ ተበልቷል።

«ሰይድ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ምስጥ ነው። እዚያ ሆነሽ ሞተ ልበልሽ?»

«እኔ መስማት እንጂ ሌላ ምንም አልነበረኝም። የምሰማውንም ዋሸኸኝ?»

አለቀስኩ። እንባዬን መጥረግ አልቻልኩም፤ እሱ ጠረገልኝ። እሱም አለቀሰ። ትንሽ ቆይቼ ግን የመምህርነት አመሌ መጣብኝ።

«በጥፍርህ ልጡን ፋቀው» አልኩት።

ፋቀው። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ነበር፤ አልሞተም።

ሐጂ ሐሚድ የምስጡን ጉድጓድ ቆፍረው አፈረሱ፤ በግንዱ ዙሪያ አመድ ነሰነሱ። «አንቺ ደህና መጣ፣ ዛፍም ይመጣል፣ ኢንሻላህ» አሉኝ። በበርታ አፋቸው አማርኛው ሲሰባበር ይበልጥ ያምርባቸዋል።

ቀጥሎ የመጣው ረጅሙ ጊዜ ነው። ነርቭ የሚያገግመው በዝግታ ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም ጣቶቼን በተለያየ ነገር ላይ እያሳሸኝ ልዩነቱን እንድፈልግ ሲነግረኝ፣ ጥጥና ጆንያ ሰለቹኝና በዚያ ሰሞን ማግኖሊያው ያወጣቸውን ቅጠሎች መረጥኩ። የቅጠሉ ፊት እንደ ተወለወለ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ጀርባው ደግሞ እንደ ቡናማ ከፈይ ሻከር ያለ ጸጉር አለው፤ እኔ ግን ለብዙ ወራት ዐይኔን ጨፍኜ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። አንድ ጠዋት በከዘራ ተደግፌ ቆሜ እንደ ልማዴ ዐይኔን ጨፍኜ ቅጠሉን ስዳብስ፣ አውራ ጣቴ ላይ አንድ ነገር ሻከረኝ። ገለበጥኩት፤ ለሰለሰኝ። መልሼ ገለበጥኩት። «ሰይድ! ከፈዩ ይኸው!» ብዬ ስጮህ የወደቅሁ መስሎት ሳሙና በፊቱ እንዳለ ሮጦ መጣ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ያለ ከዘራ መሄድ ከጀመርኩ በኋላ፣ አንድ እምቡጥ ወጣ። ሲፈካ ሁለት መዳፍ የሚያህል ነጭ አበባ ሆነ፤ የሎሚ ሽታ የመሰለ መዓዛው እስከ ሐጂ በር ደረሰ። በማግስቱ ወንበር ይዤ ወጥቼ ወደ ውስጡ አጎንብሼ ሳይ፣ ሩዝ የሚያህል ጥቁር ጥንዚዛ በአበባው ብናኝ ተለውሶ ይርመሰመሳል። አበባውን ያራባው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን መጥቷል። ተማሪዎቼን ተራ በተራ አስገብቼ አሳየኋቸው።

መዶሻዋን ይዛ ጊዜ ያላባከነችውን ሐኪም፣ ጀርባዬን ያገላበጡትን ነርሶች፣ ሐጂንና ሰይድን አመሰግናለሁ። ምክሬ አጭር ነው። ድንዛዜ ከእግር ወይም ከእጅ ተነሥቶ ወደ ላይ እየወጣ፣ ጉልበት እየከዳ ከሄደ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ሆስፒታል ሂዱ። አስታማሚዎችም ለበሽተኛው እውነቱን ንገሩት።

በቅርቡ ከባምባሲ በዚሁ ሕመም ወደ ሆስፒታላችን የመጣች ጫልቱ የምትባል ሴት ሄጄ ጠየቅሁ። ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆኗል። ወንድሟን «ላሚቱስ?» አለችው። እሱ ወደ እኔ አየ። ንገራት በሚል ራሴን ነቀነቅሁለት።

«ታማለች» አላት። «ሣር አልበላ ብላለች። የከብት ሐኪም አምጥተናል።»

ጫልቱ አንገቷን በጭንቅ ወደ እሱ አዞረች።

«ውኃስ ትጠጣለች?»