በመዶሻ ያለፈው ኮላ

ቃሊቲ፣ ከጋራዦቹ ኋላ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን ኮላ የሚፈተነው በመዶሻ ነበር። ሁለት ቁራጭ እንጨት ይጣበቃል፣ ያድራል፣ ጠዋት አንዴ ይመታል። እንጨቱ ራሱ ተሰንጥቆ ማጣበቂያው ካልለቀቀ “አለፈ” ይባላል። ደንቡን ያወጡት ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ከመቀመጫ የምትነሳው በክንዷ ተደግፋ ነው። ማንንም ሳትጠራ የምትነሳበት ወንበር ልሠራላት አሰብኩ። የክንድ መደገፊያው ስስ የእንጨት ንጣፎች በኮላ ተደራርበው፣ ፎርማ በምንለው ቅርጽ ማስያዣ ላይ በሙቀት የሚጎብጥ ነበር። ሁልጊዜ የምንሠራበት ነጩ ኮላ ሲሞቅ እንደሚለሰልስ አውቃለሁ። የጎበጠ እንጨት ደግሞ ቀን ከሌት ልቃና እያለ ይታገላል። ስለዚህ በውሃ የሚበጠበጠውን የዱቄት ኮላ ገዝቼ መጣሁ፤ እሱ አንዴ ከደረቀ ሙቀት አይፈታውም።

ጋሼ ጣሳውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

“ይሄ እስኪደርቅ ፎርማዬን ልታስርብኝ ነው? በነጩ ስሠራ ነው ጸጉሬ የሸበተው። በል ምታው!”

በነጩ የተጣበቀውን ቁራጭ መታሁት። አለፈ። “ጋሼ፣ ምት ሌላ፣ ሙቀት ሌላ” ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ወንበሩን በነጩ ሠራሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን እናቴን ጣላት።

ወንበሩ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የከሰዓት ፀሐይ በሚያቃጥለው በረንዳዋ ላይ ከረመ። አንድ ቀን ልትነሳ ስትደገፍ መደገፊያው ተላቀቀ፤ እግዜር ሲያተርፋት በደህናው ጎኗ ወደቀች። ደርሼ ሳነሳት እንጨቱ ላይ አሮጌ ጨርቅ ተጠምጥሞ አየሁ።

“መላቀቅ ከጀመረ ወር አልፎታል” አለችኝ። “አስሬው ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?” ብዬ ጮህኩባት።

“ሥራህን እንዳላጣጥልብህ ብዬ ነዋ፣ ልጄ” አለች ክንዷን እያሸች።

የወደቀች እናት ላይ መጮሄ ይባስ አናደደኝ። ሌሊቱን በንዴት ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ መደገፊያውን ተሸክሜ ጋሼ ፊት ጣልኩት። ንጣፎቹን በጥፍሬ እየላጥኩ አሳየኋቸው። አንስተው አገላበጡት፤ ከዚያ እጃቸው እንደልማዱ ወደ መዶሻው ሄደ።

“ይተዉት!” አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር። “እናቴ አትመታውም፣ ጋሼ! የምትደገፈው ነው!”

መዶሻውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። የተላጠውን ንጣፍ በጣታቸው ዳሰሱ።

“ሙቀት እንደማይችል ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

እኔው እናቴን የጠየቅኳት ጥያቄ ነው፤ እሷስ መልስ ነበራት።