በ«ሳይድ» የሚያልቁ ቃላት

የታሰርኩት በውኃ ምክንያት ነው። ዐረብ አገር፣ ደማም ከተማ፣ አል ሻጢእ አካባቢ የባሕሩን ዳርቻ በሚያጸዳ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ስልሳ ሰው የምንኖርበት ካምፕ ጣራ ላይ ካለው የውኃ ታንከር ውስጥ አንድ ቀን የሞተች እርግብ ተገኘች። አንዲት ብቻ ብትሆን ዝም ባልን ነበር። ባትሪ ሲበራ ግን ከሥሯ ሌሎችም ነበሩ፤ ላባና አጥንት ብቻ ሆነዋል። ስንት ወር እንደጠጣናቸው እግዜር ይወቀው። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ አቤቱታውን ጻፍኩ፤ ስልሳውም ፈረሙበት፤ በማግስቱ ሥራ አቆምን። በሦስተኛው ቀን ሁለት የፖሊስ መኪና መጣና ወረቀቱን የጻፈው ማን እንደሆነ ተጠየቅን። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። አልፈርድባቸውም፤ ግን አልረሳሁትም። ክሴ «ሁከት ማነሳሳት» ተባለ።

የታሰርኩበትን ክፍል ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። ላብ፣ የደረቀ ሽንት፣ የሻገተ ሩዝ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጉሮሮ የሚያቃጥል ጣፋጭ ነገር። ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራ ክፍል ውስጥ አርባ ገደማ ነበርን፤ አብዛኞቹ በየመን በኩል በእግራቸው የመጡ ያገሬ ልጆች ናቸው። መስኮት የለም። ጣራው ሥር ያለችው የአየር ቀዳዳ በአቧራና በቅባት ተደፍናለች። እውነተኛ አየር የሚገባው ከብረቱ በር ሥር፣ የምግብ ሳህን በሚያልፍባት ጠባብ ክፍተት ብቻ ነበር። ግድግዳው ላይ ቡናማ የደም ጠብታ ተረጭቷል። አፍጥጬ ሳየው አንዱ፣

«አይዞህ፣ የትኋን ነው» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «የትኋን ነው ስልህ፣ ያው የእኛው ነው» አለ።

ያ ሰው ለሳኝ ነበር። ሠላሳውን አልፏል፤ አገሩ በራያ በኩል ነው። ኾባር፣ አል ዑለያ ውስጥ የሰው ቤት ሲለስን እጁ ላይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ነበር የያዙት። የሲሚንቶ ብናኝ አስም አውርሶታል፤ ሲተኛ ደረቱ ያፏጫል። ከእስሩ ይልቅ የሚያናድደው ግን የግድግዳው አሠራር ነበር። «እዩልኝ እስቲ ይህን ልስን» ይላል፤ «ውኃልክ የሚባል ነገር አላየም እኮ። ትኋኑ ምን ያድርግ? ቤት ተሠርቶለት።» ከቁርሱ ላይ ዳቦ እያስቀረ፣ በሳሙና እያቦካ ስንጥቆቹን በማንኪያ ጀርባ ይደፍን ነበር። የሠራው ቦታ እንደ ብርጭቆ ይለሰልሳል። እኔ በበኩሌ የሚበላ ዳቦ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ማየት ይቀፈኝ ነበር።

ሌላው ሰው አባ ናቸው። ከጉራጌ አገር ናቸው፤ በወጣትነታቸው የካቶሊክ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሊቀቡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ትተው ወጥተዋል። ኾባር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበሩ፤ ካፊላቸው፣ ማለት ያስመጣቸው አሠሪ፣ ተጣልቷቸው ጠፍቷል ብሎ ሁሩብ፣ ኮብላይ፣ አስብሎ አስመዘገባቸው። «አባ» ማለት የጀመርነው በቀልድ ነው፤ እያደር ቀልዱ ቀረና አንቱታው ጸና።

ክፍሉ ውስጥ የሚነበብ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ጀሪካን። በየዓርቡ በረሮና ትኋን ሊገድል የሚመጣው ሰው መርዙን ሲጨርስ ባዶውን ጥሎልን ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ አለቅልቀን መታጠቢያ ውኃ እንይዝበታለን። ያ ጣፋጭ ሽታ ከእሱ ነበር የሚወጣው። ከእርግብ ውኃ ሸሽቼ መርዝ በነበረበት ዕቃ ፊቴን መታጠቤ ሲገባኝ አስመለሰኝ፤ የምታጠብበት ሌላ ዕቃ ስላልነበረ አፌንም ያጠብኩት በዚያው ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ኢንሰክቲሳይድ።»

«መጨረሻዋን ያዛት» አሉኝ አባ ከተጋደሙበት። «ሳይድ የምትለዋን። ላቲን ናት። ቼዴሬ ከሚለው ግሥ ነው የመጣችው፤ መቁረጥ፣ መምታት፣ መግደል ማለት ነው። ከፊቷ የምታስቀምጠው ሟቹን ነው። ሆሞ፣ ሰው። ሆሚሳይድ። ፍራተር፣ ወንድም። ፍራትሪሳይድ። ሬክስ፣ ንጉሥ። እሱንም የሚገድል አይጠፋም፤ ሬጂሳይድ።»

ያስተማሯቸው ጣሊያናዊ መምህር በዱላ እየመቱ እንዳስጠኗቸው ነገሩን። ለሳኙ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል።

«ለትኋንስ አላቸው፣ አባ?»

«ቺሜክስ ነው ትኋን። እንግሊዞቹ ሲሚሳይድ ይሉታል።»

«ለትኋን እንኳ ስም አውጥተዋል» አለና አንዷን በአውራ ጣቱ ጥፍር ግድግዳው ላይ ፈነከታት። «በሉ እንግዲህ፣ ማዕረጌን አግኝቻለሁ።»

ሳቅን። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ እንኳ አፉን ሸፍኖ ነው፤ ሽታው እንዳይገባ። እኔም ያነበብኩትን ለማሳየት ሱዊሳይድ የሚለውን ጨመርኩ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሱኢ፣ የራስ ማለት ነው። ገዳዩም ሟቹም አንድ ሰው ሲሆን።»

ለሳኙ ፊቱ ተለወጠ። «እሱን ተዉት» አለ። «በእኛ አጥቢያ አንድ ሰው እንደዚያ ሞቶ ፍትሐት ተከለከለ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው የቀበሩት። እናቱ ለቅዳሴ ስትመጣ በዚያ በኩል አታልፍም፤ ዞራ ነው የምትገባው። እናቴ አብራት ትዞርላታለች።»

«ዲሳይድስ?» አልኩ ወሬ ለማስቀየር። «መወሰን?»

«እሷም የዚያው ግሥ ልጅ ናት። ቆርጦ መጣል ማለት ነው።»

«እኛስ ቆረጥኩ እንል የለ» አለ ለሳኙ፣ ወደ ስንጥቁ እየተመለሰ።

ዓርብ መጣ። ሌላ ጊዜ መርዝ ሲረጭ ወደ ኮሪደር ያወጡን ነበር። ያን ዕለት የጁምዓ ጸሎት እንዳበቃ የመጣው ጠባቂ አርባ ሰው ቆጥሮ ማውጣትና መልሶ መቁጠር አልፈለገም። «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፣ ችግር የለም ለማለት፤ ራሱ ግን አፍንጫውን በሻርፑ ሸፍኗል። መርዝ የሚረጨው ሰው ጭንብል አድርጎ ገባ፤ በማዕዘኖቹ፣ በፍራሹ፣ በእግራችን መሐል ረጨና ወጣ። አባ ለጠባቂው በዐረብኛ፣ «ይህ ሰው አስም አለበት፣ እሱን ብቻ አውጣልን» አሉት። በሩ ተቆለፈ።

በረሮዎቹ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ እየወጡ በእግራችን ላይ ተገለባበጡ። ዓይናችን ነደደ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ነበር የወደቅሁት፤ በደረቴ ተኝቼ አፌን ከበሩ ሥር ካለችው ክፍተት ላይ ደቀንኩ። ከውጭ የሚመጣው አየር የጫማና የአቧራ ሽታ ነበረው፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ሌሎቹ ከላዬ በሩን ይደበድባሉ። አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ።»

ለሳኙ ነበር። ደረቱ ሲያፏጭ ይሰማኛል። «ቆይ» አልኩት። ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛል፣ ቆይ አልኩት። አንድ ጊዜ ልሳብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ልድገም እያልኩ። እጁ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ተነሣ። ዞር ስል አባ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው በሸሚዛቸው ያራግቡለታል። ጎትተን ወደ ክፍተቷ አመጣነው፤ አፉን እንደ እኔ ደቀነ፤ ግን ደረቱ አየር መሳብ አልቻለም። በሩ የተከፈተው የከሰዓቱ አዛን ከተሰማ በኋላ ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዱት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ሲቃረብ ቢሮ ተጠራሁ። ቢሮው ቀዝቃዛ ነው፤ የዑድ ሽቶ ይሸታል። መኮንኑ ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይ አስቀዳልኝ። ከክፍሉ ግማት የባሰ ያቅለሸለሸኝ ያ ትሕትና ነው። ከፊቴ ያስቀመጠው ወረቀት በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። እስረኛው ከጀሪካኑ መርዝ ጠጥቶ መሞቱን ይናገራል፤ ሱዊሳይድ፣ ኢንሰክቲሳይድ በመጠጣት። ሁለቱም ቃላት አንድ መስመር ላይ ነበሩ። ከሥሩ «ምስክር» የሚል ክፍት ቦታ አለ።

«አንተ ቋንቋ የምታውቅ ሰው ነህ» አለኝ። «ፈርም። ነገ ኹሩጅ፣ መውጫ ቪዛ፣ አውሮፕላን፣ ቤትህ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ልፈርም ነበር። ይህን የምጽፈው ጀግና ለመምሰል ስላልሆነ በግልጽ ልበለው፤ እጄ እስክሪብቶውን ይዞ ነበር። ያን ጊዜ አዛን ተሰማና መኮንኑ ለጸሎት ተነሣ፤ እስኪመለስ ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

ለአባ ነገርኳቸው። «ወረቀት ነው» አልኩ። «ሰውየው እንደሆነ ሞቷል።»

«ሬሳው እዚሁ አሸዋ ውስጥ ነው የሚቀረው» አሉ። «አገሩ የሚገባው ወረቀቱ ነው። ለእናቱ የሚደርሳት ሬሳ እሱ ነው።»

«እኔ ባልፈርም ሌላው ይፈርማል።»

«ይፈርም። ሌላው የሚፈርመው የማያነበውን ነው። አንተ አንብበኸዋል።»

ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ለሳኙ ከዓርብ በፊት የደፈነው ስንጥቅ ደርቋል፤ ጫፉ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ቀርቷል። በዙሪያው ሁሉ ትኋን ይሄዳል፤ እዚያ ላይ የለም።

ስመለስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። እስክሪብቶውን ወስጄ ከምስክሩ መስመር ሥር፣ ሁሉም በሚያነበው ተራ እንግሊዝኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ሰውየው መርዝ አልጠጣም። መርዙ የተረጨው እኛ ውስጥ እያለን ነው። አስም እንዳለበት ነግረናቸዋል። በሩን ደበደብን፤ አልተከፈተም። ከዚያ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። መኮንኑ አነበበና ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ። «መጅኑን» አለኝ፤ እብድ ማለቱ ነው። አልተቆጣም። ሻዩን ግን ከፊቴ አነሣው።

ለዚያች ፊርማ አሥራ አንድ ወር ተጨማሪ ታሰርኩ። አባ ከእኔ በፊት ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ሌላ ሰው ፈርሞ ወረቀቱ እንደተላከ ያወቅሁት አገሬ ገብቼ የለሳኙን አጥቢያ ፈልጌ ስሄድ ነው። ወረቀቱን የከተማ ሰው ተርጉሞላቸው ፍትሐቱ ተከልክሎ ቆይቷል። በቄሰ ገበዙና በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ያየሁትን ተናገርኩ፤ መስቀል መትቼም ማልኩ። በዚያው ሳምንት ፍትሐቱ ተደረገ። የለሳኙ እናትም ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሷ ኀፍረት አጥር ዞሮ መግባት ቀረላት።

ከፍትሐቱ በኋላ እናቱ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ትንሽ፣ ቀጭን ሴት ናት፤ እጆቿ የልጇን ይመስላሉ።

«ያን ጊዜ አጠገቡ ማን ነበር?» አለችኝ።

«እኔ ነበርኩ፣ እማማ።»

«ከጎኑ ሰው ነበረዋ» አለች። «ብቻውን አይደለም። ተመስገን።» እጄን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። አልከለከልኳትም። ከመርዙም፣ ከጀሪካኑም፣ ከእርግቦቹም በላይ የተጸየፍኩት ያን ሰዓት የራሴን እጅ ነው።

አሁን ፍርድ ቤት በር ላይ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለጉዳዮቼን የሚያሳፍራቸውንም እንዳይደብቁ እመክራለሁ፤ የተደበቀ ነገር ኋላ ክሱን ያበላሻል እላቸዋለሁ። ስለ በሩ ሥር ክፍተት ለቄሱም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ለእሷም አልተናገርኩም። መርዙን የረጩት እነሱ ናቸው፤ በሩን የቆለፉት እነሱ ናቸው፤ ይህ እውነት ነው። ቆይ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

በየፋሲካው ከጎረቤት ስልክ ትደውልልኛለች። ስሜን አትጠራም። «አንተ አጠገቡ የነበርከው» ነው የምትለኝ።

«አቤት፣ እማማ» እላለሁ።