ከቡፌው ፊት የተማርኩት ጎልፍ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከምኖርበት አፓርትመንት ጀርባ ትንሽ የሣር ሜዳ አለች፤ ሰሞኑን አንድ ጎረቤቴ ከሥራ ሲመለስ የጎልፍ ዱላውን ይዞ እየወጣ ያለ ኳስ ይለማመድባታል። መስኮቱን ከፍቼ ሳህን ሳጥብ ዱላው አየሩን ሰንጥቆ «ሿ» ሲል ይሰማኛል፣ እጄም ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቀጥ ይላል። ድምፁ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ከሄደ እፎይ እላለሁ፤ መሃል ላይ ከተቆረጠ ግን ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ እዚሁ ቅርብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሳሎናችን ውስጥ የቆምኩ ይመስለኝና ትከሻዬ ይኮማተራል።

አባቴ የታክሲ ሾፌር ነበር። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ አብረው ከሚውሉት ሾፌሮች አንዱ አንድ ቀን ወደ መለማመጃ ሜዳ ወሰደውና ጎልፍ እንደ ሱስ ያዘው። በአዘቦት ቀን እኔ ሳልነሳ ወጥቶ፣ ከተኛሁ በኋላ ስለሚገባ፣ እሁድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን በሰው ስለሚሞላ፣ አባቴን አባቴ ብዬ የማገኘው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ጎልፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ጨዋታውን ወድጄው አይደለም፤ ሰውዬውን ፈልጌ ነው። ዓሣ ማጥመድ ቢወድ ኖሮ ትል ተሸክሜ እከተለው ነበር።

በረዶ ሲጥል ሜዳው ስለሚዘጋ ትምህርቱ ወደ ሳሎን ይገባ ነበር። አባቴ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ይገፋና፣ ለቁመቴ ብሎ ያሳጠረውን አሮጌ ዱላ አስይዞኝ ምንጣፉ መሃል ያቆመኛል። በቀኜ ሶፋው፣ በግራዬ የእናቴ ቡፌ። ስለዚህ ቡፌ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባችሁም። ከአባቴ ቁመት የሚበልጥ፣ በሩ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ «የእንግዳ» በተባሉ ብርጭቆዎችና ሳህኖች ጢም ያለ ነበር፤ ያ እንግዳ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የንስሐ አባታችን እንኳ ሲመጡ ውሃ የሚቀርብላቸው በሌላ ብርጭቆ ነበር።

አባቴ «እዚያ ጋ ስትደርሺ ያዝ አድርጊው» ይለኛል። እኔም ዱላውን ወደ ኋላ አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ፣ ኳሷ አለች ብለን የተስማማንበትን ቦታ አልፌ፣ መስታወቱ ጋ ልደርስ ክንድ ሲቀረኝ በሙሉ ጉልበቴ ቀጥ አደርገዋለሁ። ወለሉ ሲነቃነቅ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፣ እኔ ትንፋሼን ውጬ እቆማለሁ፣ እናቴም ድምፁ ጸጥ እስኪል ከኩሽናው በር ላይ አትነቃነቅም። ብርዱ እስኪያልፍ ቅዳሜያችን ሁሉ እንዲህ ነበር።

እናቴ ነገሩ አልጣማትም። ሒሳብ ላይ ደካማ ስለነበርኩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆችን የሚያስጠና መምህር አፈላልጋ አግኝታ ነበር፤ ልጇ ግን ምንጣፍ ላይ አየር ስትመታ ትውላለች። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር በዚሁ ተጨቃጨቁና በመጨረሻ ስምምነት ላይ ደረሱ። መስከረም ላይ ሃይስኩል ስለምገባ፣ ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤቱ የጎልፍ ቲሙን ሲመርጥ ከተመረጥኩ ቅዳሜ ለጎልፍ ይሆናል፤ ካልተመረጥኩ ዱላዎቹ ይታሰሩና ቅዳሜ ለሒሳብ ይሆናል። አባቴ እኔን ሳይጠይቅ «እሺ» አለ። ይህን ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ለእነሱ የቲም ጉዳይ ነበር፤ ለእኔ ግን አባት የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ሆነብኝ፣ ይህንንም ለማንም አልተነፈስኩም።

በረዶው ሟሙቶ ሜዳው ሲከፈት ጉዱ ወጣ። የምመታው ኳስ ሁሉ ወደ ቀኝ ይዞርና፣ ትንሽ ሄዶ ሣሩ ላይ ዱብ ይላል። አባቴ መጀመሪያ ላይ በትዕግሥት ያስረዳኝ ነበር። የጎልፍ ምት ኳሷን በመንካት አያልቅም፤ ዱላው ኳሷን አልፎ፣ ሽቅብ ወጥቶ፣ በግራ ትከሻ በኩል ጀርባ ጋ መድረስ አለበት፤ ያኔ ሆድ ወደ ፊት ይዞራል፣ የቀኝ ተረከዝም ከመሬት ይነሳል። ምቱን እንደማይጨርስ የሚያውቅ ክንድ ኳሷ ጋ ሳይደርስ ነው መድከም የሚጀምረው። ይህንን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። ዱላውን ሳወዛውዘው ግን ኳሷን እንዳለፍኩ አንድ ነገር ክንዴን ጨምድዶ ይይዘዋል።

ሳምንታት ባለፉ ቁጥር የአባቴ ትዕግሥት እያለቀ ሄደ። ፈሪ የሆንኩ መሰለው፣ ከዚያ ሰነፍ፣ ከዚያም እልኸኛ። «ምን ይዞሽ ነው? ጨርሺው እንጂ!» ሲል ጎን ለጎን የሚለማመዱት ሰዎች ዞረው ያዩናል፣ እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ራዲዮ እንኳ አይከፍትም። የምጠብቃት አንዲት ጠዋት እንዲህ ስትበላሽ እያየሁ፣ ነሐሴ ሳይመጣ ገና አባቴን እያጣሁት እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

ግንቦት ውስጥ የእናቴ መኪና ጋራዥ ገባችና፣ አንድ ቅዳሜ ከሜዳው በኋላ ወደ ሥራዋ እንድናደርሳት አብራን መጣች። የምትሠራው ሆቴል ነበር፤ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላችን አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እሷ ፊት መበላሸቴ የባሰ አንጀቴን አሳረረው። መታሁ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። ደገምኩ፣ ያው። አባቴ ሊጮኽ አፉን ሲከፍት እናቴ ብድግ ብላ መጣች።

«አበራ፣ ልጅቷ እኮ ቡፌውን ነው የምትፈራው።»

አባቴ ሳቀ። እዚህ ሜዳ ላይ ቡፌ ከየት መጣ አላት።

«እጇን እየው። የምታቆምበትን ቦታ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ የብርዱን ወራት ሙሉ ነፍሴ ተሰቅላ ስጠብቀው ነበር።»

አባቴ ሳቁን አቆመ። በይ ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩ፣ ክንዴም ልክ እዚያው ቦታ፣ ልክ ከመስታወቱ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሁለቱም ክንዴን አዩ። እኔ ግን በሁለቱም ተናደድኩ። አንደኛው አቁሚ ብሎ አስተምሮኝ ለምን አቆምሽ ይለኛል፣ ሁለተኛዋ ለብርጭቆ ስትሳሳ እኔን አስራኛለች፤ እንባዬ መጣና ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርኩ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየና «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለእናቴ ግን አልገባኝም።

ቡፌውን ወደ መኝታ ቤት እናዙረው ቢላት እናቴ ንክች አላለችም። እንግዲያው ሙቀቱ ሲመጣ ሥራው ሁሉ ከአፓርትመንታችን ፓርኪንግ ጀርባ፣ ሣሩ ላይ ሆነ። አባቴ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት እየቀሰቀሰኝ፣ ያለ ኳስ እስከ መጨረሻው አወዛውዤ እዚያው እንዳለሁ እንድቆም ያደርገኝ ነበር፤ ዱላው ጀርባዬ ላይ፣ ሆዴ ወደ መንገዱ፣ ተረከዜ ከመሬት ተነሥቶ፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች እያዩኝ። አንዳንድ ጠዋት ክንዴ ይለቀቅና ጮቤ እረግጣለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ተመልሶ ይታሰራል። 

የምርጫው ቀን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወላጅ ከፓርኪንጉ እንዳያልፍ ተከልክሎ ስለነበር አባቴ ታክሲውን አቁሞ አጥሩን ይዞ ቀረ። ኳሷን ተራ በተራ ከምናስገባባቸው ጉድጓዶች የመጀመሪያዎቹ ላይ ክንዴ እንደገና ከዳኝ፤ ኳሴ ዛፍ ሥር ገባች፣ አሸዋ ውስጥ ገባች፣ አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች ከማዘናቸው ብዛት ማየት ተዉ። የመጨረሻው ጉድጓድ ፊት ለፊት ኩሬ ነበረበት። ቆምኩና፣ የሚሰበር ነገር የለም፣ ምንም የሚሰበር ነገር የለም እያልኩ ዱላውን አነሳሁ። ወረደ፣ ኳሷን ነካ፣ አለፈ፣ ሄደ፣ ሄደና ጀርባዬን መታ። ቀና ስል ኳሷ ከውሃው በላይ ነበረች፣ ከዚያም ማዶ ሣሩ ላይ አረፈች።

ግን አንድ ምት ነበር። የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ የተመረጡትን ስም ሲጠራ የእኔ አልነበረበትም።

ወደ ፓርኪንጉ ስመለስ እናቴ ከፍልሰታ ቅዳሴ በቀጥታ መጥታ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከአባቴ ጎን ቆማ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። አባቴ የዱላ ቦርሳውን ከትከሻዬ ተቀብሎ ከታክሲው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስገባ፤ ስምምነት ስምምነት ነው፣ እሱም ያውቀዋል። አለቀ ብዬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። እናቴ ከፊት ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ወደ አባቴ ዞረችና፦

«ነገ ቅዳሜ አይደል? ስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?» አለችው።

አባቴ ቁልፉን እንደያዘ አፍጥጦ አያት። ለሒሳብ መምህሩ ባለፈው ሳምንት ደውላ ትምህርቱን ወደ እሁድ ከሰዓት አዛውራው ኖሯል። ከምርጫው በፊት ማለት ነው። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናትም፤ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ድምፄን አጥፍቼ አለቀስኩ።

ዛሬ አባቴ ታክሲውን ትቷል። ትከሻው እንደ ድሮው ስለማይነሳለት ምቱን አሳጥሮ ነው የሚመታው፣ ግን ቅዳሜን አይተዋትም። እኔ ነኝ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነድቼ የምወስደው፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፤ የሥራ ሺፍቴ ይቀየራል፣ መንገዱ ይጨናነቃል፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ይደክመኛል። ባለፈው ቅዳሜ አልጋዬ ውስጥ እንዳለሁ እናቴ ደወለች። «አባትሽ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ከተቀመጠ ቆየ። ትመጫለሽ ወይስ ጫማውን ያውልቅ?» አለችኝ። ያኔ ቅዳሜው የእሱ ነበር፣ እንዳይቀርብኝ ስሰጋ የምኖረው እኔ ነበርኩ። አሁን በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው እሱ ነው።